አንቱን አንተ ያደረገ ፊደል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዬ ትንሽ ይረዝማል። ቦታ ካጠራችሁ ከፈለጋችሁበት ላይ ቁረጡት፣ ቅር አይለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ ርዕሱን በዚያ በተፋቀው ፊደላችሁ አታውጡብኝ። የምጽፍላችሁ ስለ እሱ ነውና።

የእሁድ እትማችሁ ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ የርዕስ ፊደሉን ቀይሯል። የድሮ ጋዜጣ እንዲመስል ታስቦ ነው መቼም። ወፍራሙና ቀጭኑ መስመር የሚለይ፣ ራሱና እግሩ ላይ ትንንሽ ጫፎች የወጡለት፣ ባለሙያዎቹ ሰሪፍ የሚሉት ዓይነት፤ በዚያ ላይ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠ፣ ምስጥ የቀመሰው የሚመስል። መጀመሪያ ሳየው ወደድኩት። አልዋሽም። አባቴን አስታወሰኝ። ስለ አባቴ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሁለተኛው እሁድ ላይ ግን ነገር ተበላሸ። ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ፊት ለፊቴ ያለው ሰውዬ በዘረጋው ጋዜጣ ላይ አንድ ማኅበር ቦታውን ለአባላቱ "ሰጠ" የሚል ርዕስ አነበብኩ። ጎሽ፣ እንዲህ ነው እንጂ አልኩ በልቤ። ወጥቼ የራሴን ገዝቼ ዝርዝሩን ሳነብ ለካ "ሸጠ" ነው! የሸ አናት ላይ የምትጋደመው መስመር በዚያ የውሸት እርጅና ተበልታ ሸ ሰ ሆናለች። ሰጠና ሸጠ። በሁለቱ መሃል ስንት ብር እንዳለ የማኅበሩን አባላት ጠይቋቸው።

አንተ ደግሞ ምን አግብቶህ ትሉኝ ይሆናል። አራት ኪሎ አካባቢ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለችኝ። ባነር፣ የሠርግ መጥሪያ፣ ስቲከር፣ ቲሸርት፣ አንዳንዴ ታፔላ። እና በዚህ ነገር እኔም ከደሙ ንጹህ አይደለሁም። እንዲያውም ከእናንተ የባሰ ሠርቻለሁ።

አምና ጥቅምት ላይ አራት እህትማማቾችና ወንድማማቾች ሱቄ መጡ። አባታቸው 80 ዓመት ሊሞላቸው ነው። ልደት አያውቁም፣ አክብረውም አያውቁም፣ ልጆቹ ግን ዘንድሮ እናክብርላቸው ብለው ተስማምተዋል። "አባባ የድሮ ሰው ናቸው፤ ባነሩም የድሮ ድሮ የሚሸት ይሁን" አለችኝ ትልቋ። ጽሑፉን በወረቀት ይዘው መጥተዋል። "አባባ፣ አንቱ የቤታችን ምሰሶ ነዎት" ይላል። ቆንጆ ነው አልኩ። ማታ ቁጭ ብዬ ወፈር ያለ የአማርኛ ፊደል መረጥኩ፣ ከኢንተርኔት ያወረድኩትን የተላጠ ግድግዳ ፎቶ በፎቶሾፕ ላዩ ላይ ጣልኩበት፣ ፊደሉ ተፈቀፈቀ፣ አረጀ፣ አማረ። በቴሌግራም ላክሁላቸው። ልብ ላኩልኝ፣ እሳት ላኩልኝ። ሦስት ሜትር አድርጌ አተምኩት።

በበዓሉ ማግስት ትልቋ ደወለች። ድምጿ ግማሽ ሳቅ ግማሽ ቁጣ ነው። ባነሩ ተሰቅሎ፣ እንግዳ ሞልቶ፣ ሽማግሌው ካባ ደርበው ከገቡ በኋላ ከሰላሌ የመጡ እህታቸው ባነሩን ቀና ብለው አይተው፣ "ወንድሜን አንተ የሚለው ማነው?" አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሁሉም ዞሮ አየ። እውነትም "አባባ፣ አንተ የቤታችን ምሰሶ ነዎት" ይላል። ያ የግድግዳ ልጣጭ ከሦስት ሜትር ባነር ላይ ሌላ የሚያርፍበት ቦታ ያጣ ይመስል የቱን ጭረት ልቅም አድርጎ በልቷት ተ አድርጓታል። አንቱ ብሎ ጀምሮ ነዎት ብሎ ይጨርስ የነበረው አረፍተ ነገር፣ አንተ ብሎ ጀምሮ ነዎት ብሎ ጨረሰ። ሽማግሌው ብቻ ናቸው አሉ የሳቁት። "ተዉአቸው፣ ጎረምሳ አደረጉኝ" ብለው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ የተፋቀ ፊደል ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። ሳስበው ሳስበው የገባኝ ነገር አለ፣ እሱን ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት። ይህ ጌጥ የተፈጠረው ለላቲን ፊደል ነው። ላቲን ደግሞ መላጥ ይችላል። ኢ ከሦስቱ ጥርሶቹ የአንዱ ጫፍ ቢረግፍ ያው ኢ ነው። ኤም አንድ እግሩ ቢሸራረፍ ማንም ኤን አይለውም። ኪው ጅራቱን ካጣ ኦ ይሆናል፣ እሱን አምናለሁ፤ ግን ኪው በስንት ቃል አንዴ ነው የሚመጣው? አናባቢውም ራሱን ችሎ የቆመ ሙሉ ፊደል ነው። ቢቧጨር የሚጠፋ አይደለም።

የእኛ ሌላ ነው። የእኛ አናባቢ በእናት ፊደሉ ላይ የተለጠፈች ነገር ናት። ካዕብን ከግዕዝ የምትለየው ጎን ላይ ብቅ ያለች አንዲት ጭረት ናት፤ ለ እና ሉ፣ ጠ እና ጡ፣ ተ እና ቱ እያላችሁ እዩት። ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት አለው፤ ቀለም ከደፈነው ሣልስ ይመስላል፣ ቤት ቢት ይሆናል። ራብዑ አንድ እግሩ ይረዝማል፤ የእግሩ ጫፍ ከተበላ በሠርግ መጥሪያ ላይ ባልና ሚስት የነበሩት በልና ሚስት ሆነው ይወጣሉ (ይሄ እንኳ እኔ ላይ አልደረሰም፣ እግዜር ይመስገን)። አናት ላይ ባለች መስመር ብቻ የሚለያዩትማ ብዙ ናቸው። ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ደና ጀ፣ ዘና ዠ። የፊደሉ ሆድ ሁለት ሦስተኛው ቢላጥ ምንም አይሆንም፣ ይነበባል። ከዚያች ከማትረባ ከምትመስለው ጭረት ላይ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ከተነሳ ቃሉ ሌላ ነው። ልጣጩ ደግሞ ይህን አያውቅም። ወፍራሙንም ቀጭኑንም እኩል ነው የሚበላው፣ እና እኩል ሲበላ የሚያልቀው ቀጭኑ ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ አክብሮታችን ሳይቀር በዚያችው ጭረት ላይ መንጠልጠሉ ነው። ተናገሩ እና ተናገረ። ሞቱ እና ሞተ። "ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ" የሚለው የዩ እግር ጫፍ ላይ ያለችው ነገር ከጠፋች ሟቹ "ተለየ" ሆነው ይቀበራሉ። በእንግሊዝኛ ርዕስ ላይ ይህ ዓይነት ነገር ሊደርስ አይችልም፣ አንቱ የላቸውማ።

መላጡ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ የሚጨመርም አለ። የቀለም ፍንጣሪ የሚመስሉ ነጠብጣቦች ይረጩበታል፣ ማተሚያው ያንጠባጠበ እንዲመስል። በላቲኑ ገጽ ላይ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ነው። በእኛ ገጽ ላይ ሁለቱ ከላይና ከታች ከገጠሙ ሁለት ነጥብ ይሆናሉ፣ አራት ከሆኑ አራት ነጥብ። አንዲቷ ደግሞ ከተ ጎን ካረፈች፣ ያው ቱ። አንተን አንቱ ማድረግም ይቻላል ማለት ነው። ለአንዳንድ ሰው ውለታ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ አባቴ። አባቴ ፊደል ለቃሚ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ማተሚያ ቤት ቆሞ የእርሳስ ፊደል ከየሳጥኑ እየለቀመ ሲደረድር ኖረ። የእርሳስ ፊደል ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው፣ በመስታወት እንደምታየው፤ እሱ ተገልብጦም ከእኔ በተሻለ ፍጥነት ያነብ ነበር። ታዲያ እርሳስ ለስላሳ ነው። ቆርቆሮና አንቲሞኒ ተቀላቅሎበትም ቢሆን ሺህ ጊዜ ከወረቀት ጋር ሲጋጭ ጠርዙ ይደፈጠጣል፣ ቀጭኑ ይሰበራል። የድሮ ህትመት የተፋቀ የሚመስለው ለዚህ ነው። ማንም አስቦ አላሳመረውም። ፊደል አልቆ፣ ቀለም በዝቶ ወይ አንሶ፣ ወረቀቱ ሻካራ ሆኖ ነው።

አባቴ ያለቀ ፊደል ካገኘ ምን ያደርግ ነበር? ከመደዳው ነቅሎ ወደ መቅለጫው ሣጥን ይወረውረዋል። "ይሄ ይዋሻል" ይል ነበር። በተለይ ካዕቦቹን አይምርም። ጣቱን ጎኗ ላይ ያሳልፋል፣ ጭረቷ ካልቆረቆረችው አበቃላት፣ ትቀልጣለች። እሱ እየለቀመ የጣለውን ነው እንግዲህ እኔ ልጁ ከኢንተርኔት እያወረድኩ በላዩ ላይ ብር የምቀበልበት። ቢሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ፣ ጋዜጣ ላይ አይጻፍም እንጂ።

የውሸት እርጅና የኮምፒውተር ዘመን ነገር እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ቺካጎ ውስጥ ባርንሃርት ብራዘርስ እና ስፒንድለር የሚባል የማተሚያ ፊደል የሚሠራ ድርጅት ነበር። በፈረንጆቹ 1894 በርን ናዳል የሚባል ሰው አንድ ፊደል ነደፈ፤ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ጠርዙ የተጎራረደ፣ ያረጀ የሚመስል። ስሙን "አሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን" አሉት። በኋላ ስሙን ቀይረው "ካስሎን አንቲክ" አሉት። ዊልያም ካስሎን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ፊደል ይቀርጽ የነበረ ስመ ጥር ሰው ነው፤ የአሜሪካ የነፃነት አዋጅ በፈረንጆቹ 1776 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በእሱ ፊደል ነው። ይሄኛው ፊደል ግን ከካስሎን ጋር ዝምድና የለውም። የታላቅ ሰው ስም ተውሶ ለገበያ ወጣ፣ ሌላ አይደለም። እስከ ዛሬም በፖስተርና በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ታገኙታላችሁ። አዲስ ጋቢ ጭስ ላይ ሰቅሎ የአያቴ ነው ብሎ እንደ መሸጥ ነው እንግዲህ። አልፈርድም። ግን ናዳል ቢያንስ ፊደሉን አንድ በአንድ ነድፏል። ምኑ ጋ እንደሚጎርድ፣ ምኑ ጋ እንደሚተው እሱ ራሱ ወስኗል። እኔ ያደረግኩት የግድግዳ ፎቶ መደረብ ነው፤ እናንተም ያደረጋችሁት እሱኑ ሳይሆን አይቀርም፣ አይቼ እገምታለሁ።

ለምን እንደምናደርገው ደግሞ ግልጽ ነው። ኒያላ አለን፣ አቢሲኒካ አለን፣ ኖቶ አለን፣ ፓወር ግዕዝ ከስንት ዓመት ጀምሮ አለን። እነዚህ ጥሩ ፊደላት ናቸው፣ አብዛኞቹ ግን ለንባብ የተሠሩ ንጹሃን ናቸው። ለርዕስና ለጌጥ የሚሆን ሲያምረን ከላዩ ላይ እንቀባለን። በደንብ መሥራት ደግሞ ትልቅ ሥራ ነው። አስቡት፣ አንድ የተፋቀ ፊደል በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ያው አንድ ጠባሳ ካለው ውሸቱ ወዲያው ይታወቃል። "አበበ" ብላችሁ ስትጽፉ ሁለቱ በ አንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ጭረት ካላቸው፣ መንታ ልጆች አንድ ቦታ ላይ የወደቁ ይመስላል። ስለዚህ ጥሩ ሠሪዎች ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ሦስት ዓይነት ያዘጋጁና ሲጻፍ ኮምፒውተሩ እንዲያፈራርቃቸው ያደርጋሉ። ለላቲኑ ትልልቅ ፊደል 26 በ3፣ 78 ነው። ለእኛ 33ቱን በ7 ብንመታ 231፣ በ3 ሲሆን 693፤ እነ ቧ፣ ቷ፣ ሟ ሳይቆጠሩ። ያንን ሁሉ በእጁ የሚቧጭር ሰው ከተገኘ እኔ ቡናውን እከፍላለሁ።

በነገራችን ላይ ስቲከር የምትቆርጡ ካላችሁ፣ በተፋቀ ፊደል ትዕዛዝ አትቀበሉ። ፕሎተሩ፣ መቁረጫ ማሽኑ ማለቴ ነው፣ እያንዳንዷን ልጣጭ ተከትሎ ልቆርጥ ብሎ ሲንዘፈዘፍ ያድራል፣ ከዚያ ያንን ሁሉ ብናኝ በመርፌ ስትለቅሙ የማን ልጅ እንደሆናችሁ ይጠፋችኋል። ያሰብኩትን ዋጋ ሦስት እጥፍ አድርጌ ደንበኛውን ያባረርኩበት ቀን አለ።

እና ደግሞ የማንን እርጅና ነው የምናስመስለው? ይሄ ሰሞኑን ፋሽን የሆነው የተፋቀ ወፍራም ፊደል የአሜሪካ የእንጨት ፊደል ልጅ ነው። ዳርየስ ዌልስ የሚባል የኒው ዮርክ ሰው በፈረንጆቹ 1827 ገደማ የእንጨት ፊደል በብዛት የሚቀርጽበትን መንገድ አገኘ፣ ከዚያ በኋላ የሰርከሱም፣ የጨረታውም፣ የተፈላጊ ሽፍታውም ማስታወቂያ በእሱ ታተመ። እንጨቱ ሲሰነጠቅና ሲጎደጉድ ያ መልክ መጣ። እኛ የላም እረኛና የባቡር ዘራፊ ትዝታ የለንም። የእኛ አሮጌ ሌላ ነው። ቁም ጽሕፈት ያለበትን የድሮ ብራና ያየ ያውቃል፤ በብርዕ የተጻፈው ጥቁር መስመር ወፍራሙ ወፍራም ነው፣ ቀጭኑ ቀጭን፣ የቅዱሳን ስም በቀይ። ሲያረጅ እንኳ የሚያረጀው በሌላ ዓይነት ነው፤ ገጹ የሚገለጥበት ጥግ በጣት ወዝ ይጠቁራል፣ ሰም ይንጠባጠብበታል። ህትመትም ከፈለጋችሁ አለን። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በእኛ አቆጣጠር በ1914 ተቋቋመ፣ በስሙ የሚጠራው ጋዜጣ በ1917 ወጣ። የእነዚያን ዓመታት ገጾች ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ እዩዋቸው። ፊደሉ ሆዱ አልተላጠም። ይልቅ ቀለሙ በዝቶ ጠርዙ ያበጠ ይመስላል፣ ድብልብል ያለ፣ ሞቅ ያለ። ታፔላስ? በቆርቆሮ ላይ በብሩሽ የተጻፈ የልብስ ሰፊ ታፔላ፣ ዝገቱ ከሚስማሩ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ። ፒያሳ ሲፈርስ ስንቱ ከነቆርቆሮው ተጭኖ ሄደ። ያንን ፎቶ ያነሳ ሰው ካለ እባካችሁ ጋዜጣችሁ ላይ አውጡልን፣ ከዚያ ነው የፊደል ነዳፊዎቻችን መማር ያለባቸው።

ፊደሉን ጣሉት አላልኩም። ለ"ትዝታ" ዓምዳችሁ ርዕስ አድርጉት፣ ያምርበታል፤ አንድ ቃል ነው፣ ትልቅ ነው፣ በየሳምንቱ ያው ስለሆነ ማንም አይሳሳተውም። ለዜና ርዕስ ግን አይሆንም። ለሰው ስምም፣ ለቁጥርም፣ ለኀዘን መግለጫማ በጭራሽ። የግድ ከሆነ ገጹን የሚሠራው ልጅ ልጣጩን ወፍራሙ ግንድ ላይ ብቻ ይተወው፣ ጭረቶቹን፣ ቀለበቶቹንና አናት ላይ ያሉትን መስመሮች ደግሞ አንድ በአንድ እየተመለሰ ንጹህ ያድርጋቸው። ሃያ ደቂቃ ነው የሚፈጅበት። እኔ አሁን እንደዚያ ነው የምሠራው። ጨርሼም በስልክ አልክም፤ በወረቀት አትሜ ጽሑፉን አይቶት የማያውቅ ሰው አስነብባለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤቴ ያለችው ሻይ ሻጭ ናት። አንዴ ቆም ካለች፣ ወይ ዓይኗን ካጠበበች፣ ተመልሼ እገባለሁ። ጽሑፉን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ምንም ቢጠፋ አይታየውም፣ ዓይኑ ራሱ ይሞላዋል፤ እኔም አንቱን አንቱ ብዬ ነው ሳነብ ያመሸሁት።

የሽማግሌውን ባነር መጨረሻ ላይ እንደገና ሠራሁት። በንጹህ ፊደል፣ ቱ ከነጭረቷ፣ እንዲያውም ጭረቷን ትንሽ ወፈር አድርጌላታለሁ። ይዤላቸው ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። አመሰገኑኝ፣ አጠቀለሉና አልጋ ስር አስቀመጡት። የመጀመሪያው ግን እስካሁን ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ነው፣ አላወርድም ብለዋል። ሁለተኛውን ገንዘብ አልተቀበልኩበትም፣ ሰጠኋቸው። ሰጠኋቸው ነው ያልኩት። ስታትሙት አደራ፣ ሸጥኩላቸው አላልኩም።

አክባሪያችሁ
ከአራት ኪሎ፣ የፊደል ለቃሚ ልጅ